የጓዳችን መዓዛና የዘወትር ሽቱ

ሽቱ የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ወዲያውኑ የምናስበው ከባሕር ማዶ የመጣውን፣ በብልቃጥ ተሞልቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየውን ነገር ነው። ይህ አሳብ ስሕተት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው። የሰው ልጅ ገላውንና ልብሱን ደስ በሚያሰኝ መዓዛ ማሳመር የጀመረው ብልቃጥና ሱቅ ከመኖራቸው እጅግ አስቀድሞ ሲሆን፣ መዓዛውንም ከቀዳባቸው ምንጮች አንዱና ዋናው የሚበላውና የሚጠጣው ነገር ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ የወንበርማ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሽንዲ አንዲት እመቤት ቅቤ ስታነጥር በደጃፏ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይወድ በግድ ቆም ብሎ አየሩን ይስባል። ያ መንገደኛ ስለ ሽቱ አንዳች ነገር ሳያስብ የሽቱን ጥበብ ዋና ምስጢር አሽትቶ ያልፋል።

የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። አንደኛ፣ መዓዛ ምን እንደ ሆነና በምን ዐይነት መንገድ ወደ እኛ እንደሚደርስ፤ ሁለተኛ፣ በጓዳችን ያሉት ቅመሞች በዓለም ከታወቁት ሽቱዎች ጋር ምን ዝምድና እንዳላቸው፤ ሦስተኛ፣ ከምግብ ቅመም የተገኘ ቀለል ያለ መዓዛ ለዘወትር እንዴት እንደሚደረግና በዚህ ረገድ ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። አማርኛችን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። ደስ የሚያሰኘውን «መዓዛ» ይለዋል፤ ከገላ የሚወጣውን «ጠረን» ይለዋል፤ መልካሙንም ክፉውንም ባንድነት «ሽታ» ይለዋል፤ የሚያስከፋውን ደግሞ እንደ ዐይነቱና እንደ መጠኑ «ቅርናት»፣ «ክርፋት»፣ «ግማት» እያለ ይለያየዋል። መልካም መዓዛ ቤቱን ሲሞላው «አወደው» እንላለን። ይህ ሁሉ የሚያሳየው አባቶቻችንና እናቶቻችን በአፍንጫቸው በጥንቃቄ ይለዩ እንደ ነበር ነው። የዘወትር ሽቱ ዓላማም ከነዚህ ቃላት ሊታወቅ ይችላል፤ ይኸውም ክርፋትን በብርቱ ሽታ መሸፈን ሳይሆን፣ የንጹሕ ገላን ጠረን ወደ መዓዛ ማስጠጋት ነው።

አሁን ወደ ተፈጥሮው እንግባ። ማንኛውም የሚሸት ነገር የሚሸተው ከላዩ እጅግ ደቃቅ የሆኑ፣ በዐይን የማይታዩ ቅንጣቶች እየተነሡ በአየር ላይ ስለሚበሩ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ወደ አፍንጫችን ገብተው ከላይኛው ክፍል ሲደርሱ፣ በዚያ ያሉት የማሽተት ሕዋሳት ይቀበሏቸዋል። ሪቻርድ አክሰልና ሊንዳ በክ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት የነዚህን ተቀባዮች ሥርዐት በመመርመራቸው በ2004 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በሰው አፍንጫ ውስጥ ወደ 400 የሚሆኑ የተቀባይ ዐይነቶች ሲገኙ፣ አእምሮ እነዚህን እንደ ፊደል እያገጣጠመ እጅግ ብዙ ሽታዎችን ያነባል። የማሽተት ጅማት በአእምሮ ውስጥ ስሜትና ትዝታ ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች ጋር የቀረበ ግንኙነት አለው። ስለዚህ አገሩን ለቆ በሩቅ ከተማ የሚኖር ሰው በድንገት የተቆላ ቡና ወይም የሚነጠር ቅቤ ሲሸተው፣ አሳቡ ሳያዝዘው ልቡ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል።

አፍንጫ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ቶሎ ይለምዳል። አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃዎች ያለ ማቋረጥ ካሸተተ በኋላ እንደሌለ ይቆጥረዋል። በርበሬ የሚያስፈጭ ሰው በወፍጮ ቤት ሲውል ሽታውን የማይሰማው፣ ከውጭ የገባው ግን ወዲያው የሚሰማው ስለዚህ ነው። ይህ ጠባይ በሽቱ ረገድ ብዙ ሰዎችን ያሳስታቸዋል። ጧት የተቀቡት ሽቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለራሳቸው ስለማይሸታቸው የጠፋ መስሏቸው ይደግሙታል፤ ዳግመኛም ይጨምሩበታል። በአጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ግን ሦስቱንም ጊዜ የተቀቡትን ባንድነት ይቀበላል። ስለዚህ ሰው ስለ ራሱ ሽቱ በራሱ አፍንጫ ብቻ ሊፈርድ አይገባውም።

አሁን ቀደም ብለን ወደ ጠቀስነው ወደ ቅቤው ምስጢር እንመለስ። ቅመሞች የሚያወጡት መዓዛ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በስብና በዘይት ግን በቀላሉ ይሟሟል። እመቤቲቱ በምታነጥረው ቅቤ ላይ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ ስታደርግ፣ ሙቀቱ መዓዛውን ከቅጠሉና ከፍሬው ያወጣዋል፤ ቅቤውም ተቀብሎ ያኖረዋል። ቅጠሉና ፍሬው ተጠልለው ሲወገዱ መዓዛው በቅቤው ውስጥ ይቀራል። በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የግራስ ከተማ በሽቱ ሥራ ዓለም ያወቃት ናት። የዚያች አገር ሠራተኞች ለብዙ ዘመን መዓዛን ከአበባ ያወጡ የነበሩት በዚሁ መንገድ ነበር። የጽጌ ረዳን አበባ በሞቀ ስብ ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ ሙቀት የማይችለውን የጃስሚን አበባ ደግሞ በመስተዋት ላይ በተቀባ ቀዝቃዛ ስብ ላይ ይደረድሩት ነበር። አበባውን በየጊዜው በትኩስ እየለወጡ ስቡ በመዓዛ እስኪጠግብ ድረስ ከቈዩ በኋላ፣ ስቡን በአልኮል አጥበው መዓዛውን ይለዩታል። የዚህች ከተማ የሽቱ ጥበብ በ2018 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የሽንዲዋ እመቤትና የግራሱ ሠራተኛ ተያይተው አያውቁም፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ የተፈጥሮ ሕግ አግኝተው በየበኩላቸው ሠሩበት። ልዩነቱ ያኛው ስቡን በአልኮል ማጠቡ፣ ይህችኛዋ ወጥ መሥራቷ ነው።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። ለቅቤ የምናደርገው የኮሰረት መዓዛ በአብዛኛው የሚመነጨው ሊናሎል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ሊናሎል በድንብላል ፍሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በበሶብላም አለ፤ ላቬንደር በሚባለው የአውሮፓ አበባም አለ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጡት ሽቱዎች በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል። ቅርንፉድን ቅርንፉድ ያሰኘው ኡጂኖል የሚባለው ሲሆን፣ ከቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍል እርሱ ነው። ኮረሪማ ቀዝቀዝ የሚል፣ አፍንጫን የሚከፍት መዓዛ የሚሰጠው ሲኒዮል በሚባለው ምክንያት ሲሆን፣ ይህም በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ የምናውቀው ነው። የጠጅ ሣር የሎሚ መዓዛ ከሲትራል የመጣ ነው። የነጭ አዝሙድ ሽታ ከታይሞል የተነሣ ነው። እነዚህ ስሞች ለጆሯችን እንግዳ ቢሆኑም፣ ነገሮቹ ግን በየጓዳችን በቅልና በሙዳይ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው።

በገጠር የሚኖሩ ሴቶች ይህን ያወቁት መጽሐፍ ሳያነቡ ነው። ቅርንፉድን በክር ሰክተው በአንገታቸው ያስሩ ነበር፤ የገላ ሙቀት ሲያገኘው ቅርንፉዱ መዓዛውን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ከእነርሱ ጋር የሚጨዋወተው እንጂ ከሩቅ ያለው አይሰማውም። አሪቲ ወይም በሶብላ በጠጉራቸው ይሰኩ ነበር። የወተቱን ዕቃ በወይራ ጢስ ያጥኑታል፤ ጢሱ ዕቃውን ከማጽዳቱም በላይ ወተቱና ቅቤው የወይራ መዓዛ እንዲይዙ ያደርጋል። ጠጉራቸውን ለጋ ቅቤ ይቀባሉ፤ ሐዘን ሲደርስባቸውም ቅቤውን ይተዋሉ። ከዚህ እንደምንረዳው መዓዛ በአገራችን ለደስታ ቀንና ለጤናማ ኑሮ ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ጎጃም በሽቱ ንግድ ታሪክም ስሟ የሚነሣ አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት በዓባይ ማዶ ካሉት ከእናርያና ከሌሎች አገሮች የሚመጣው ሸቀጥ ዓባይን ተሻግሮ በምሥራቅ ጎጃም በየጁቤ አጠገብ በነበረው በታላቁ በባሶ ገበያ ይወርድ ነበር። ቡናና ኮረሪማ እንዲሁም በከብት ቀንድ ውስጥ የታሸገ ዝባድ በዚያ ተሸጦ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያልፍ ነበር። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ፈሳሽ ሲሆን፣ ብቻውን ሲሸቱት ብርቱና የሚያስከፋ ነው፤ በጥቂቱ ከሌላ መዓዛ ጋር ሲደባለቅ ግን ያኛውን ያለሰልሰዋል፣ ቶሎ እንዳይበርርም ይይዘዋል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ሊቅ በዝባድ ውስጥ ያለውን ዋናውን ንጥረ ነገር አወቃቀር በ1926 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ፣ በሰው ጥበብ የሚሠራ ምትክ እየተስፋፋ ሄደ። ጥርኟን በጠባብ በረት ዘግቶ ዝባዷን መውሰድ ለእንስሳይቱ ሥቃይ ስለ ሆነ፣ ብዙ የውጭ አገር ሽቱ ሠሪዎች የተፈጥሮውን ዝባድ ትተዋል። ከዝባድ ታሪክ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ብርቱ ነገር ሁሉ መልካም የሚሆነው በጥቂቱ ሲሆን ነው።

የምግብ መዓዛ ያላቸው ሽቱዎች በዓለም ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆነዋል። ፈረንሳዮች «ጉርማን» ይሏቸዋል፤ ቃሉ ጣፋጭ መብል የሚወድድ ማለት ነው። ታሪካቸው ከቫኒላ ይጀምራል። ቫኒላ ከሜክሲኮ የተገኘ የሐረግ ተክል ሲሆን፣ ወደ ሌላ አገር ተወስዶ በተተከለ ጊዜ አበባውን የሚያዳቅለው ነፍሳት ስላልነበረ ፍሬ ሊሰጥ አልቻለም። በ1841 ዓ.ም. በሬዩኒዮን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አበባውን በስንጥርና በጣቱ ማዳቀል እንደሚቻል አገኘ። ዛሬ በዓለም ያለው የቫኒላ እርሻ የሚሠራው በዚያ ብላቴና ዘዴ ነው። በ1874 ዓ.ም. ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን የተባሉ ጀርመናውያን ቫኒሊን የሚባለውን የቫኒላን ዋና መዓዛ ከጥድ ዐይነት ዛፍ በተገኘ ነገር ሠሩት። በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ የወጣው ዢኪ የተባለው ሽቱ ይህን ቫኒሊን ካገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ1925 ዓ.ም. ሻሊማር ተከተለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ኤንጅል የተባለው ሽቱ ደግሞ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል መዓዛ የሚሰጠውን ኤቲል ማልቶል በብዛት ስለ ያዘ፣ የዚህ ወገን በር ከፋች ሆኖ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ የቡና፣ የካካዎ፣ የማር፣ የሄልና የቀረፋ መዓዛ ያላቸው ሽቱዎች በየአገሩ ተሠርተዋል።

የቡናና የቆሎ፣ የዳቦና የእንጀራ ጠርዝ መዓዛ እንዴት እንደሚፈጠር መጠየቅ የሚወድድ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሉዊ ካሚይ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ በ1912 ዓ.ም. እንዳሳወቀው፣ በምግብ ውስጥ ያለው ስኳርና የፕሮቲን ክፍል በእሳት ሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለምና ብዙ ዐይነት አዲስ መዓዛ ይፈጥራሉ። ጥሬው ቡና ይህን መዓዛ የሌለው፣ ምጣድ ላይ ሲቆላ ግን ሰፈሩን የሚያውደው ስለዚህ ነው። ጎረቤት ሳይጠራ የሚመጣው ይህንኑ ጥሪ ሰምቶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብዙዎች ኑሮ የሚመለከት አንድ ከባድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከሽንዲ ገጠር ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ለትምህርት ወይም ለሥራ የምትሄድ አንዲት ልጃገረድን እናስብ። እናቷ እንዳስለመደቻት ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ ከጓደኞቿ መካከል ስትቀመጥ አንዲቱ አፍንጫዋን ትይዝባታለች። ልጃገረዲቱም ታፍራለች። በማግሥቱ ርካሽና ብርቱ ሽቱ ገዝታ ከቅቤው በላይ ታርከፈክፍበታለች፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። በመጨረሻም እናቷ የምታውቀውን ሁሉ፣ ኮሰረቱንም ቅርንፉዱንም፣ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጋ ትጥለዋለች። በዚህ ጉዳይ የሚጎዳው የአንዲት ልጅ ክብር ብቻ አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ጭምር ነው።

ነገሩን በማስተዋል ብንመረምረው ጥፋቱ የቅቤው አይደለም። ለጋ ቅቤ መልካም መዓዛ አለው። ሲቈይ፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው፣ በውስጡ ያለው ስብ ይፈርሳል፤ ከፍራሹም ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይለቀቃል። የሚያስከፋው ሽታ የእርሱ ነው። ስለዚህ መድኀኒቱ ማፈርም በሽቱ መሸፈንም ሳይሆን፣ ቅቤው ለጋ እንዲሆን፣ በጥቂቱ እንዲቀባ፣ ጠጉርም ሳይቈይ በውሃና በሳሙና እንዲታጠብ ማድረግ ነው። ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ ቅቤውን በዕረፍቷ ቀን ተቀብታ ሳምንቱ ሳይጀምር ብትታጠብ፣ የጠጉሯን ጥቅም ታገኛለች፤ ከጓደኞቿም ጋር ያለ አሳብ ትቀመጣለች። አስተማሪዎችና ታላላቆችም በልጆች ፊት በእንዲህ ያለ ነገር መሳለቅ ነውር መሆኑን ሊያስረዱ ይገባቸዋል።

የምንበላውም ነገር በጠረናችን ላይ እንደሚታይ መታወቅ አለበት። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው አፉን ቢጕመጠመጥም ሽታው ፈጥኖ አይለቀውም፤ ምክንያቱም በደም ውስጥ አልፎ በሳንባው ስለሚወጣ ነው። አብሽ ደግሞ ሶቶሎን የሚባል መዓዛ ስላለው በላብና በሽንት ይወጣል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪዎች ከየት እንደሚመጣ ባልታወቀ የጣፋጭ ሽሮፕ ሽታ በየጊዜው ይደነግጡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ባለሥልጣኖች ነፋሱን ተከትለው ሲመረምሩ፣ ሽታው ከወንዙ ማዶ በኒው ጀርሲ አብሽ ከሚዘጋጅበት ፋብሪካ የመጣ ሆኖ ተገኘ። እኛ ለሕፃንና ለአራስ የምናቀርበው አብሽ አንድን ታላቅ ከተማ ለዓመታት ሲያነጋግር ኖረ ማለት ነው።

አሁን የዘወትር መዓዛን በቤት ውስጥ ስለ ማዘጋጀት እንነጋገር። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የደረቀ ኮረሪማ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ የራሱ ሽታ የሌለው ንጹሕ የምግብ ዘይት፣ እንዲሁም ክዳን ያለው ንጹሕና ደረቅ የመስተዋት ዕቃ። ኮረሪማው ተፈልፍሎ ፍሬው በሙቀጫ ፈርከስ ይደረግ እንጂ አይድቀቅ። ቅመሙን በመስተዋቱ ዕቃ ጨምሮ ዘይቱ እስኪሸፍነው ድረስ ማፍሰስ ነው። ከዚያም ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሞ አንድ ሰዓት ያህል ማቈየት፤ በቀጥታ እሳት ላይ ግን አለመጣድ፤ ሙቀት ሲበዛ መዓዛው ይበርራልና። ቀጥሎ ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አስቀምጦ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ማጥለል ነው። እርጥብ ቅጠል አይጨመርበት፤ ውሃው ዘይቱን ያበላሸዋል። ሽታው የተለወጠ ዘይት ቢገኝ መጣል እንጂ መቀባት አይገባም።

የተዘጋጀው ዘይት ብርቱ ሽታ አይኖረውም፤ እንዲኖረውም አይፈለግም። አንድ ጠብታ በእጅ አንጓ ላይ፣ ወይም ከጆሮ ጀርባ፣ የገላ ሙቀት ባለበት ስፍራ ማስነካት ይበቃል። ዘይት ስለ ሆነ ነጠላና ቀሚስ ያበላሻል፤ ስለዚህ ደርቆ በገላ ላይ ሳይጠጣ ልብስ መደረብ አይገባም። ልብስን በመዓዛ ለማኖር የሚወድ ሰው የደረቀ ጠጅ ሣር ወይም አሪቲ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ በልብስ ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ከሱቅ የሚገዛውን ሽቱ የሚመርጥ ሰው ደግሞ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይልመድ። ኮሎኝ የሚባለው በግምት ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ፣ ኦ ደ ቱዋሌት ከ5 እስከ 15 እጅ፣ ኦ ደ ፓርፈም ከ15 እስከ 20 እጅ መዓዛ የያዘ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው አልኮልና ውሃ ነው። ለዘወትር የፊተኞቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ሽቱን በሱቅ ውስጥ ወዲያው አሽትቶ መግዛት መልካም አይደለም፤ መጀመሪያ የሚሸተው የሎሚና የቅጠል ዐይነት ቶሎ የሚበርረው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ አበባውና ቅመሙ ይመጣል፤ ቫኒላውና እጣኑ፣ እንዲሁም የእንጨት መዓዛው ከሰዓታት በኋላ ይቀራል። አብሮ የሚውለው ይህ የመጨረሻው ስለ ሆነ፣ በእጅ ላይ አስነክቶ ጥቂት ሰዓት ቈይቶ መፍረድ የብልኅ ሰው ሥራ ነው።

የመጠኑ ልክ ይህ ነው፤ በአንድ ክንድ ርቀት ያለ ሰው ቢሰማው በቂ ነው፤ ሳትደርሱ የደረሰ፣ ከሄዳችሁም በኋላ የቀረ ሽቱ ግን በዝቷል። በመኪና ውስጥ መስኮት ተዘግቶ ለሰዓታት የሚጓዙ መንገደኞች፣ በአንድ ክፍል የሚማሩ ተማሪዎች፣ በሐኪም ቤት የተኙ ሕሙማን አየሩን የሚጋሩት ሳይመርጡ ነው። ብርቱ ሽቱ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ ራስ ምታት የሚነሣበትንም ሊቀሰቅስበት ይችላል። ስለዚህ ሽቱን በልክ ማድረግ ከጌጥ ይልቅ የሰውን ደኅንነት የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደ ተባለው ነው።

ሌሎች መጠንቀቂያዎችም አሉ። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። የአውሮፓ መንግሥታት ኅብረት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ቈዳን ሊያስቈጡ የሚችሉ 26 የመዓዛ ነገሮች በዕቃው ላይ እንዲጻፉ አዝዟል፤ ከነዚህም መካከል ቀደም ብለን ያመሰገንናቸው ሊናሎልና ኡጂኖል፣ እንዲሁም የቀረፋው ሲናማል ይገኙበታል። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ሽቱ ወይም ዘይት በመጀመሪያ በክንድ መታጠፊያ ውስጥ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል። ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ ታጥቦ መተው ነው። በተለይም ጤና አዳምን በገላ ላይ ማሸት አደገኛ ነው፤ የቅጠሉ ጭማቂ ቈዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃም ያስቋጥራል። ጤና አዳም ለቡና መልካም ነው፤ ለገላ ግን አይሁን። ለሕፃናት ገላ ምንም ሽቱ አያስፈልግም።

ሽንዲና ቡሬ በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸውና ስለ በርበሬም አንድ ቃል እንጨምር። የበርበሬ መዓዛና የበርበሬ ማቃጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ሽታ የለውም፤ በእጅ ላይ ግን ይጣበቃል፤ በውሃም ብቻ በቀላሉ አይለቅም። በርበሬ ሲቀነጥብ ወይም ሲደልዝ የዋለ ሰው እጁን በሳሙና ደጋግሞ ሳይታጠብ አንገቱን ወይም ዐይኑን አይንካ፤ ሽቱም አይቀባ። እንደዚሁም አልኮል ያለበት ሽቱ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በቡና ፍምና በእጣን ማጨሻ አጠገብ መርጨት ክልክል ሊሆን ይገባዋል።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ንጽሕና ሲቀድም ብቻ መሆኑን እናስታውስ። ላብ ሲወጣ ብዙ ሽታ የለውም፤ የሚያሸተው በቈዳ ላይ የሚኖሩ ደቃቅ ተሕዋስያን ሲያፈርሱት ነው። እነዚህን የሚያስወግዳቸው ውሃና ሳሙና ነው እንጂ ሽቱ አይደለም። በታጠበ ገላ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ባልታጠበ ገላ ላይ ግን አንድ ብልቃጥ አይበቃም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሽቱ አትግዙ ማለታችን አይደለም። አቅሙ ያለውና የወደደ ይግዛ። ነገር ግን በውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው የቅመም መዓዛ በእናቶቻችን ሙዳይ ውስጥ መኖሩን የሚያውቅ ሰው፣ በሱቁ ፊት ሲቆም አያፍርም፤ በእናቱም ጓዳ ሲገባ አይንቅም። እናቶች ሆይ፣ የምታውቁትን ለሴቶችም ለወንዶችም ልጆቻችሁ አስረዱ፤ ኮሰረት የትኛው እንደ ሆነ፣ ኮረሪማ መቼ እንደሚፈለፈል፣ ቅቤ ምን ያህል ሲሞቅ መዓዛውን እንደሚይዝ አሳዩአቸው። ልጆችም ጠይቁ። ከዛሬ ጀምሮ ባለው በአንድ ቅዳሜ በአቅራቢያችሁ ካለው ገበያ ጥቂት ኮረሪማና ቅርንፉድ ገዝታችሁ ብትሞክሩት፣ ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጥቅሙንም ከሁለት ሳምንት በኋላ ታዩታላችሁ።